ልክ፣ ተመንና ዋጋ፤ ስለ ማልታና ስለ ቆጵሮስ ገንዘቦች ምንዛሪ የቀረበ አንድ ትርጉም ሲመረመር

የገንዘብ ምንዛሪ ሰንጠረዥ ለተርጓሚ የዕረፍት ቦታ ይመስላል። ቁጥር በየቋንቋው ያው ቁጥር ስለ ሆነ፣ ርእሱንና የዓምዶቹን ስያሜ አማርኛ ካደረገ በኋላ የቀረውን መገልበጥ ብቻ የሚበቃው ይመስለዋል። በቅርቡ ለስያሜ እርማት የቀረበልን አንድ ረቂቅ ግን ይህ እምነት ምን ያህል አሳሳች እንደ ሆነ አሳይቶናል። ረቂቁ ስለ ሁለት የሜዲትራኒያን ደሴት አገሮች፣ ማለት ስለ ማልታና ስለ ቆጵሮስ፣ የገንዘብ ታሪክ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ሐተታ ወደ አማርኛ የተመለሰበት ነው። ከአንድ ቦታ በቀር፣ እርሱንም በመጨረሻ እናነሣዋለን፣ ቁጥሮቹ ሁሉ በትክክል ተገልብጠዋል። ዐረፍተ ነገሮቹም ሰዋስውን የጠበቁ ናቸው። ሆኖም አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ከዚያ ሰንጠረዥ የሚያገኘው ታሪክ ያልተደረገ ታሪክ ነው።

ይህን ስንል ተርጓሚውን ለመውቀስ አይደለም። ተርጓሚው ጠንቃቃ ሰው መሆናቸው ከሥራቸው ይታያል። የተሳሳቱት በአብዛኛው እኛ የመዝገበ ቃላትና የስያሜ ሠራተኞች ሳንለያይ የተውናቸውን ቃላት እንዳሉ በመጠቀማቸው ነው። ነገሩም ከወረቀት አያልፍም የሚባል አይደለም። ከእንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ተነሥቶ የቆየ ውል፣ ኑዛዜ ወይም የዕዳ ሰነድ የሚተረጉም ሰው በአንዲት ቃል ስሕተት ባለ ዕዳውን ካለበት በላይ ሊያስከፍለው፣ ወራሹንም ከሚገባው በታች ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ረቂቁን በየነጥቡ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም አንድ የስያሜ ሐሳብ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ገንዘቦቹ ስም

በረቂቁ የመጀመሪያው ዓምድ «የማልታ ሊራ»፣ ሁለተኛው «የቆጵሮስ ፓውንድ» ተብሏል። ፓውንድ ሲባል አንባቢያችን እንግሊዝን፣ ሊራ ሲባል ኢጣልያን ያስባል። በተለይም ከ1936 እስከ 1941 የነበረውን የወረራ ዘመን ከአባቶቹ የሰማ ወይም በመጽሐፍ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሊራን ከኢጣልያ ነጥሎ ማየት ይከብደዋል። ስለዚህ አንዲቱ ደሴት የእንግሊዝን፣ ሁለተኛዪቱ የኢጣልያን የገንዘብ ሥርዐት የተከተሉ ይመስሉታል። እውነቱ ግን ሁለቱም ደሴቶች በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበሩ መሆናቸው፣ የሁለቱም ገንዘብ ከስተርሊንግ የተወለደ መሆኑ ነው።

ልዩነቱ የመጣው በእንግሊዝኛው በኩል ነው። የቆጵሮስ ሰዎች ገንዘባቸውን በግሪክኛም ሆነ በቱርክኛ «ሊራ» ይሉት ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን «ፓውንድ» ይለዋል። የማልታ ሰዎችም በማልትኛ ቋንቋቸው «ሊራ» ይሉት ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ለረጅም ጊዜ «የማልታ ፓውንድ» ሲለው ቆይቶ በ1980ዎቹ ውስጥ ወደ «ሊራ» አዘነበለ። የሁለቱ ቃላት ምንጭም ቢሆን አይራራቅም። «ሊራ» የሚለው ስም ሚዛንንና የክብደት መለኪያን ከሚያመለክተው «ሊብራ» ከተባለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት የሆነው ፊደልም የዚሁ የ«ሊብራ» የመጀመሪያ ፊደል ነው። እንግዲህ በአማርኛው ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ባዕዳን መስለው የቀረቡት ስሞች በየአገራቸው አንድ ስም ነበሩ።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም ነበር። በ1945 የወጣው ገንዘባችን በአማርኛ ብር ሲባል፣ በእንግሊዝኛ እስከ 1976 «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር። አንድ የውጭ አገር ተርጓሚ የአገራችንን ታሪክ ከእንግሊዝኛ ሲመልስ ከ1976 በፊት ዶላር፣ ከዚያ ወዲህ ብር እያለ ቢጽፍ፣ ያገሩ አንባቢ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ያሉ መስሎት በመካከላቸው ያለውን ምንዛሪ መፈለጉ አይቀርም። በእኛ ላይ ቢደረግ የምንታዘበውን ስሕተት በሌላው ላይ ማድረግ አይገባንም። ስለዚህ ተርጓሚው በመጀመሪያ በሚጠቅስበት ቦታ «የማልታ ሊራ ወይም ፓውንድ»፣ «የቆጵሮስ ፓውንድ ወይም ሊራ» ብሎ ሁለቱንም ስሞች አስታውቆ፣ ከዚያ በኋላ በአንዱ ብቻ ቢጸና ይሻላል። የአገሩም ስም ምንጊዜም ከገንዘቡ ስም ሊለይ አይገባውም።

ስለ አገሮቹ ስም ግን ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ረቂቁ በአንድ ገጽ «ሳይፕረስ»፣ በሌላው «ቆጵሮስ» ይላል። ቆጵሮስ በቅዱስ መጽሐፍ አማርኛ የታወቀና እስከ ዛሬም የሚሠራበት ስም ስለ ሆነ እርሱን መጠበቅ ይገባል። ማልታም በዚያው መጽሐፍ «መላጥያ» ተብላለች፤ ነገር ግን ይህን ስም የዛሬ አንባቢ ከደሴቲቱ ጋር ስለማያያይዘው «ማልታ» የሚለውን መያዝ ግድ ነው። ለሁለቱ ስሞች አንድ ደንብ አለማውጣታችን ጉድለት አይደለም፤ ደንቡ አንባቢው የሚያውቀውን መከተል ነውና።

ስለ ንዑሳን ገንዘቦች

የቆጵሮስ ፓውንድ በ1879 ሲቋቋም የእንግሊዝን ፓውንድ ያህል ሆኖ በ20 ሽልንግ፣ ሽልንጉም በ9 ፒያስተር፣ በድምሩ ፓውንዱ በ180 ፒያስተር ይመነዘር ነበር። ተርጓሚው ይህን ፒያስተር «ገርሽ» ብለውታል። ምርጫቸው ዕውቀት የጎደለው አይደለም። የቆጵሮስ ሰዎች ራሳቸው በቱርክኛ «ኩሩሽ»፣ በግሪክኛ «ግሮሲ» የሚሉት ስም፣ ዐረቦችም «ቂርሽ» የሚሉት፣ ከእኛ «ገርሽ» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን የቃላት ዝምድና የመጠን ዝምድና አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቀረጸው ገርሽ ብርን የሚመነዝር ነው፤ አንባቢያችንም ቃሉን ሲያይ የሚያስታውሰው ያንን የብር ሽራፊ እንጂ የፓውንድን 180ኛ እጅ አይደለም። ዘመድ ቃል ሲገኝ ለሥርወ ቃል ሐተታ ማስቀመጥ፣ በሰንጠረዥ ላይ ግን ባዕዱን ስም መጠቀም የተሻለ ነው እንላለን።

ከዚህ የባሰው የ«ሚል» ነገር ነው። ቆጵሮስ በ1955 ፓውንዷን በ1,000 ሚል እንዲመነዘር አደረገች። ማልታ ደግሞ በ1972 ሊራዋን በ100 ሴንት፣ ሴንቱንም በ10 ሚል ከፈለች። ቆጵሮስም በ1983 ሚሉን ትታ ፓውንዷን በ100 ሴንት አደረገች። ስለዚህ ከ1972 እስከ 1983 ድረስ በአንዲቱ ደሴት ሴንትና ሚል፣ በሁለተኛዪቱ ሚል ብቻ ይሠራበት ነበር። ረቂቁ ሁሉንም «ሳንቲም» ብሎ ጠቅልሎታል። ሳንቲም በእኛ ዘንድ የብር መቶኛ እጅ መሆኑን የማያውቅ ስለሌለ፣ 500 ሚል «500 ሳንቲም» ተብሎ ሲጻፍ ግማሽ ፓውንድ የነበረው አምስት ፓውንድ ሆኖ ይነበባል። በዐሥር እጥፍ መሳሳት ማለት ይህ ነው። ሴንትን ሳንቲም ማለት ይቻላል፤ ሚል ግን ሚል ሆኖ መቅረት አለበት።

እዚህ ላይ የ«መነዘረ» ግስ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። በአማርኛ የመቶ ብር ኖት በዐሥር ዐሥር ብር ሲዘረዘር መነዘረ እንላለን፤ ብር በዶላር ሲለወጥም መነዘረ እንላለን። የመጀመሪያው አንዱን ገንዘብ ወደ ራሱ ክፍሎች መበተን ነው፤ ሁለተኛው አንዱን ገንዘብ ሰጥቶ ሌላ ገንዘብ መቀበል ነው። በመጀመሪያው ቁጥሩ በሕግ የተደነገገ ስለ ሆነ ትርፍም ኪሳራም የለበትም፤ በሁለተኛው ቁጥሩ ይለዋወጣል። ቋንቋችን ሁለቱን ባንድ ቃል መጥራቱ ለዕለት ኑሮ አላስቸገረም። ለምንዛሪ ታሪክ ግን የብዙ ስሕተት በር ይከፍታል፤ የማልታና የቆጵሮስ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል።

«ጸንቶ ቆየ» ስለሚለው አባባል

ረቂቁ የሁለቱን ገንዘቦች የረጅም ዘመን እኩልነት ሲገልጽ «የሁለቱ ደሴቶች ገንዘብ በዚህ ዘመን ሁሉ ጸንቶ ቆየ» ይላል። በሰንጠረዡ ላይ በእርግጥ ከላይ እስከ ታች አንድ ለአንድ የሚል ቁጥር ይታያል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የጽናት ምልክት አይደለም። ሁለቱም ገንዘቦች ከስተርሊንግ ጋር አንድ ለአንድ የታሰሩ ስለ ነበሩ፣ እርስ በርሳቸውም አንድ ለአንድ ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በሴፕቴምበር 1949 ስተርሊንግ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ዶላር ሲወርድ ሁለቱም አብረው ወረዱ፤ ይህም 30.5 በመቶ ነበር። በኖቬምበር 1967 ከ2.80 ወደ 2.40 ሲወርድም ሁለቱ አብረው ወረዱ፤ ይህም 14.3 በመቶ ነው። ዶላር መግዛት የፈለገ የማልታ ወይም የቆጵሮስ ነጋዴ በእነዚህ ሁለት ቀኖች ገንዘቡ ሲረክስ አይቷል፤ የሁለቱ ደሴቶች ሰንጠረዥ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አልተነቃነቀም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጀልባ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አለመለወጡ ጀልባው ቆሟል አያሰኝም። ስለዚህ ትክክለኛው አማርኛ «በመካከላቸው እኩል ሆነው ቆዩ» የሚለው ነው።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ ነጥብም አለ። በ1949 ሁለቱ ደሴቶች በቅኝ አገዛዝ ሥር ስለ ነበሩ የስተርሊንግን መውረድ የተከተሉት ሳይጠየቁ ነው። በ1967 ግን ቆጵሮስ በ1960፣ ማልታም በ1964 ነጻነታቸውን አግኝተው ነበር። ቆጵሮስ ከ1963 ጀምሮ የራሷ ማዕከላዊ ባንክ ነበራት፤ የማልታም ባንክ በ1968 ተቋቋመ። እንግዲህ የ1949ና የ1967 ቁጥር ያው አንድ ለአንድ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ከላይ የተሰጠ፣ ሁለተኛው መንግሥታቱ ሊተዉት ሲችሉ የያዙት ነው። እንግሊዝ በጁን 23 ቀን 1972 ስተርሊንግን ለገበያ ስትለቀው፣ ሁለቱ አገሮች በዚያው በ1970ዎቹ ከስተርሊንግ ተላቅቀው እያንዳንዳቸው ገንዘባቸውን በተመረጡ የውጭ ገንዘቦች ድምር መለካት ያዙ። በመካከላቸው እውነተኛ ምንዛሪ የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አንድ ለአንድ ከምንዛሪ ይልቅ ለልክ ይቀርባል።

ልክና ምንዛሪ እንዴት እንደሚቀራረቡ ማልታ ከዚያ በፊትም አሳይታለች። በ1825 የእንግሊዝ ገንዘብ በደሴቲቱ እንዲሠራበት ሲታዘዝ፣ ቀድሞ የነበረው የማልታ ስኩዶ በ1 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ተተመነ። ስኩዶው 240 ግራኖ ስለ ነበረው አንዱ ግራኖ የፔኒ 12ኛ እጅ፣ ማለት የፋርዚንግ ሲሶ ሆነ። ለዚህም ሲባል እንግሊዝ ከ1827 ጀምሮ የፋርዚንግ ሲሶ የሆነች ትንሽ የመዳብ ገንዘብ ለማልታ ቀረጸች። በትእዛዝ የወጣ ተመን ውሎ አድሮ በእጅ የሚያዝ ልክ ሆነ ማለት ነው።

«መቀነስ» ስለሚለው ቃል

ኖቬምበር 1992 ላይ ማልታ የሊራዋን ዋጋ በ10 በመቶ አወረደች። ረቂቁ ይህን «የሊራ ዋጋ በ10 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ተርጉሞታል። «ቀነሰ» በአማርኛ ሁለት ወገን አለው። «ዋጋው ቀነሰ» ስንል ነገሩ በራሱ ሆነ፤ «ዋጋውን ቀነሰ» ስንል ግን አድራጊ አለው። «የገንዘብ ዋጋ መቀነስ» በሚለው ስያሜ ላይ ደግሞ ይህ ልዩነት ፈጽሞ ይጠፋል። መንግሥት ወስኖ የሚያደርገውና በገበያ ግፊት የሚሆነው ባንድ ስም ይጠራሉ። ለታሪክ ጸሓፊ ግን ከዚህ የበለጠ ልዩነት የለም፤ አንደኛው ተጠያቂ አለው፣ ሁለተኛው የለውም።

መፍትሔው ከቋንቋው ውስጥ አለ። «ወረደ»ና «አወረደ» በቅርጻቸው የተለዩ ስለ ሆኑ፣ ውሳኔውን «ዋጋ ማውረድ»፣ ሁኔታውን «ዋጋ መውረድ» ብንል አንዲት ድምፅ አድራጊውን ታሳያለች። በተቃራኒውም «ማውጣት»ና «መውጣት»፣ ወይም «ከፍ ማድረግ»ና «ከፍ ማለት» ማለት ይቻላል። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም።

መቶኛውም ቢሆን ማስታወሻ ይፈልጋል። ሊራ በ10 በመቶ ሲወርድ የውጭ ገንዘብ በሊራ ሲገዛ የሚወደደው በ10 ሳይሆን በ11.1 በመቶ ነው። ልዩነቱ እዚህ ትንሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ግን አንባቢን ያሳስታል። በአገራችን በኦክቶበር 1992 አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5.00 ብር ሲደረግ፣ ብሩ የወረደው በ58.6 በመቶ ሲሆን ዶላሩ የተወደደው በ141.5 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። «ብር በ141.5 በመቶ ወረደ» የሚል ትርጉም ግን ሐሰት ብቻ ሳይሆን የማይቻል ነው፤ ምንም ነገር ከመቶ በመቶ በላይ ሊወርድ አይችልምና።

ስለ አቅጣጫ

በረቂቁ ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ስሕተት ያገኘነው በቆጵሮስ ዓምድ ነው። ቆጵሮስ በ1992 ፓውንዷን «ኤኩ» ከተባለው የአውሮፓ የገንዘብ መለኪያ ጋር ስታስር፣ አንድ ፓውንድ 1.7086 ኤኩ ተባለ። ኤኩ በጃንዋሪ 1 ቀን 1999 አንድ ለአንድ ወደ ዩሮ ተለወጠ። በሜይ 2 ቀን 2005 ቆጵሮስና ማልታ በአንድ ቀን ወደ አውሮፓ የምንዛሪ ሥርዐት ሲገቡ ደግሞ የቆጵሮስ መካከለኛ ተመን 0.585274 ተብሎ ተጻፈ። የረቂቁ ማብራሪያ ይህን ሲተረጉም «በ1992 1.7086 የነበረው የፓውንድ ዋጋ በ2005 ወደ 0.585274 ዝቅ አለ» ይላል።

ዝቅ ያለ ነገር የለም። አንድን በ1.7086 ብናካፍል የምናገኘው 0.585274 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ፓውንድ ስንት ኤኩ እንደሚያወጣ፣ ሁለተኛው አንድ ዩሮ ስንት ፓውንድ እንደሚያወጣ ይናገራል። ቆጵሮስ 13 ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ያው አንድ ተመን፣ በአማርኛው ሁለት ሦስተኛ ዋጋውን ያጣ ገንዘብ ሆኖ ቀረበ። አንድ መንግሥት በብዙ ጥረት የጠበቀው ነገር በትርጉም ፈረሰ ማለት ነው።

ምክንያቱ «የፓውንድ ምንዛሪ» የሚለው አማርኛ አቅጣጫ የሌለው መሆኑ ነው። የአንዱ ፓውንድ ምንዛሪ ነው ወይስ በፓውንድ የሚሰጥ ምንዛሪ? አገናዛቢው «የ» ሁለቱንም ይሸከማል። ስለዚህ በሰንጠረዥ ራስጌ ላይ «የፓውንድ ምንዛሪ» ከማለት ይልቅ «አንድ ፓውንድ ስንት ዩሮ እንደሚያወጣ» ወይም «ለአንድ ዩሮ የሚሰጥ ፓውንድ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ይገባል። መርዘሙ ለጽሕፈት መኪናም ሆነ ለአታሚ ጥቂት ቦታ ይወስዳል፤ ማጠሩ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ከዚያ ይበልጣል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር

ተርጓሚው ለአንባቢ በማሰብ የሰንጠረዡን ዓመታት ሁሉ 8 እየቀነሱ ወደ ዓመተ ምሕረት ለውጠዋል። የአንድ ቀን ምንዛሪ ሲሆን ይህ በጥንቃቄ ሊደረግ ይችላል። ለምሳሌ ሁለቱ ደሴቶች ዩሮን የያዙበት ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ 8 ቢቀነስም 2000 ይሆናል። ኖቬምበር 1992 ግን 8 ሲቀነስ 1984 ይሆናል፤ እውነተኛው 1985 ዓ.ም. ነው። የዓመት አማካይ ምንዛሪ ሲሆን ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም። የ2007 አማካይ ከ1999 ዓ.ም. ስምንት ወር ያህል፣ ከ2000 ዓ.ም. አራት ወር ያህል የያዘ ስለ ሆነ የየትኛውም ዓመታችን አማካይ አይደለም። አማካይ ያለበትን ሰንጠረዥ ባለበት አቆጣጠር ትቶ ይህንኑ በግርጌ ማስታወቅ ይበጃል።

ስለ መጨረሻው ልክ

አሁን መጀመሪያ የጠቀስነውን አንድ የቁጥር ስሕተት እናንሣ። በጁላይ 2007 የአውሮፓ ኅብረት የሁለቱን አገሮች የማይሻር የመለወጫ ቁጥር ወሰነ፤ አንድ ዩሮ 0.429300 የማልታ ሊራ፣ 0.585274 የቆጵሮስ ፓውንድ ሆነ። በረቂቁ ላይ የማልታው ቁጥር 0.4293 ተብሎ ተጽፏል። በሒሳብ አልተሳሳተም። ነገር ግን በ1997 የወጣው የኅብረቱ ደንብ የመለወጫ ቁጥሮች በስድስት ትርጉም ያላቸው አኃዞች እንዲጻፉ፣ እንዳይጠጋጉና እንዳይቆረጡ ያዝዛል። ስለዚህ በማልታው መጨረሻ ያሉት ሁለቱ ዜሮዎች ጌጥ አይደሉም፤ ቁጥሩ እዚያ ድረስ የተወሰነ መሆኑን የሚመሰክሩ የሕግ ፊደላት ናቸው።

ደንቡ ሌላም ነገር ያዝዛል። ከአንዱ የቀድሞ ገንዘብ ወደ ሌላው መለወጥ ሲያስፈልግ በቀጥታ ሳይሆን በዩሮ በኩል እንዲያልፍ፣ የተገለበጠም ቁጥር እንዳይሠራበት ይላል። ረቂቁ ግን በመጨረሻው ረድፍ ላይ «አንድ የማልታ ሊራ 1.36332 የቆጵሮስ ፓውንድ ሆኖ ተወሰነ» ይላል። ይህን ቁጥር የወሰነ ማንም የለም፤ አካፍሎ የተገኘ ነው። 1,000 ሊራ በ0.429300 ተካፍሎ 2,329.373 ዩሮ፣ ያም በ0.585274 ተባዝቶ 1,363.32 ፓውንድ ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች 0.43ና 0.59 ብሎ ያጠጋጋ ሰው 1,372.09 ያገኛል፤ 8.77 ፓውንድ ከየትም ሳይመጣ ተጨመረ። አቅጣጫውን የሳተ ደግሞ 733.50 ያገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዘመን ስሕተት ነው። እንበልና በ1970 በተጻፈ ውል ላይ 1,000 የማልታ ፓውንድ ተጠቅሶ ቢገኝ፣ በዚያ ጊዜ ያው 1,000 የቆጵሮስ ፓውንድ ነበር። የመጨረሻውን ልክ ወደ ኋላ መልሶ የሚተረጉም ሰው ማንም ያልተዋዋለበትን 363 ፓውንድ ይፈጥራል። ቀን የሌለው ምንዛሪ ባለቤት የሌለው ደብዳቤ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ ያየናቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። «የምንዛሪ ተመን» የሚለው አንድ ስያሜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሟል። እኛ ለሙያ ጽሑፍ ሦስቱን እንዲህ ብንለያቸው ይበጃል ብለን እናስባለን።

የመጀመሪያው «ልክ» ነው። ልክ በድንጋጌ የታወቀ፣ አንዱን ነገር በሌላው የሚፈታ፣ የማይለዋወጥ ቁጥር ነው። ፓውንድ 180 ፒያስተር ነው፤ ሊራ 1,000 ሚል ነው፤ ዩሮ 0.429300 ሊራ ነው። ሁለተኛው «ተመን» ነው። ተመን ካለ ተማኝ አለ። ባለ ሥልጣን ያወጣዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ሲፈልግም ይለውጠዋል። የ1992ቱ 1.7086 ኤኩ ተመን ነው፤ የማልታም 10 በመቶ የተመን ለውጥ ነው። ሦስተኛው «ዋጋ» ነው። ዋጋ በሻጭና በገዢ መካከል የሚገኝ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚለይ ነው። ሁለቱ ትንንሽ ገንዘቦች በሦስተኛ ገንዘብ በኩል ሲነጻጸሩ የሚገኘው ቁጥር ደግሞ ከሦስቱም ስላልሆነ «በስሌት የተገኘ» የሚል ቅጽል ሊጨመርበት ይገባል።

እንዲህ ሲሆን የሁለቱ ደሴቶች ታሪክ በአማርኛ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ገንዘቦቻቸው በልክ እኩል ሆነው ተወለዱ፤ ከነጻነት በኋላ እኩልነታቸው ተመን ሆነ፤ በ1970ዎቹ ተለያይተው በየራሳቸው ተመን ተጓዙ፤ በ2008 ሁለቱም እንደገና በልክ ታስረው በዩሮ ውስጥ አለፉ። በእንግሊዝኛው ሐተታ ውስጥ ይህ ነገር ብዙ ገጽ ወስዷል፤ ሦስቱ ቃላት ቢኖሩ ኖሮ ተርጓሚያችን ባልተደናገሩ ነበር።

ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ እናውቃለን። «የምንዛሪ ተመን» በጋዜጣም በባንክም የተተከለ አነጋገር ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ እንኳ፣ ባንኮች በየቀኑ የሚለጥፉት ቁጥር «ተመን» ይባላል። ይህን ከሕዝብ አፍ ለመንቀል አንነሣም፤ ቢሞከርም አይሆንም። ባንኩም ቢሆን ለዕለቱ ተማኝ ነው ሊባል ይችላል። የምንጠይቀው የታሪክ፣ የሕግና የውል ጽሑፍ የሚተረጉሙ ሰዎች ቢያንስ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሦስቱን እንዲለዩ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «መነዘረ»ን በሁለት ተራ ቁጥር፣ «ቀነሰ»ንም በተሻጋሪነቱና በኢተሻጋሪነቱ ለይተው እንዲያስቀምጡ ነው።

ረቂቁን ለተርጓሚው ስንመልስ በየረድፉ ሦስት ጥያቄዎች ጽፈንበታል፤ የማን አንድ? በየትኛው ቀን? ማን ያወጣው? ተርጓሚው ለሦስቱ መልስ ካገኙ በኋላ አብዛኞቹን እርማቶች ራሳቸው አድርገዋል። አንባብያን ከየሥራቸው ያጋጠማቸውን ተመሳሳይ ምሳሌ፣ በተለይም «ልክ» የሚለው ቃል በዚህ ፍች ያስቸግር እንደ ሆነ፣ ቢያስታውቁን በደስታ እንቀበላለን።